አካፋዩ ያልተገኘለት ባለ 385 አሃዝ ቁጥር፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ በ2¹²⁷⁷ − 1 ላይ ነው። 1,277 ሁለቶችን አባዝታችሁ አንድ ስትቀንሱ የሚመጣው ማለት ነው። 385 አሃዝ አለው። ኮምፖዚት፣ ማለትም ከሱ ያነሱ ቁጥሮች ብዜት፣ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ግን አንድም አካፋይ አይታወቅለትም። ጠያቂዎቹ ከደሴና ከአካባቢዋ የተሰባሰቡ የሒሳብ ወዳጆች ናቸው። መልስ የሚሰጡት የቀድሞ የሒሳብ መምህራችን ጋሼ ናቸው።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ማን እንደሚያካፍለው ካልታወቀ ኮምፖዚት መሆኑ በምን ታወቀ?

ጋሼ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ቁጥርን ሳይሰብሩ መመርመር ይቻላል። የፈርማ ሕግ አለላችሁ። 7ን ውሰዱ። 2⁶ 64 ነው፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 1። ከ2 በላይ ያለ ፕራይም፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር፣ ሁሉ እንዲህ ነው፦ የ2 ፓወር (ከላይ የምትጻፈው ትንሽ ቁጥር) ከቁጥሩ በአንድ ሲያንስ ቀሪው 1 ይሆናል። አሁን 9ን ሞክሩ። 2⁸ 256 ነው፤ ለ9 ሲካፈል ቀሪው 4። አለቀ፣ 9 ፕራይም አይደለም። 3 × 3 መሆኑን ግን አልነካነውም።

ለኛ ቁጥር በ2 እንዳትሞክሩ! 2¹¹ − 1፣ ማለትም 2,047፣ በ2 ሲፈተን ያልፋል፤ ግን 23 × 89 ነው። ፓወራቸው ፕራይም የሆነ የዚህ ቤተሰብ ቁጥሮች ሁሉ በ2 ያልፋሉ። ስለዚህ የሉካስ-ሌመርን ፈተና ተጠቀሙ። ከ4 ጀምሩ። ራሱን በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ለቁጥሩ አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። ለ2⁵ − 1፣ ለ31 ማለት ነው፣ 4፣ 14፣ 8፣ 0 ይመጣል። የዙሩ ብዛት ከፓወሩ በ2 ያንሳል፤ እዚህ በሦስተኛው ዙር ዜሮ ስለመጣ ፕራይም ነው። ለኛው ቁጥር 1,275 ዙር ይኬዳል፤ መጨረሻው ዜሮ አይደለም። አስምሩበት፦ ኮምፖዚት መሆኑን ማወቅና አካፋዩን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ከወልዲያ፦ ታዲያ አካፋዩ ስንት ነው?

ጋሼ፦ አይታወቅም።

ከኮምቦልቻ፦ ስልኬ ላይ ስመታው ስህተት ይለኛል።

ከደሴ፦ የኮምቦልቻ ሙቀት አግሎት ነው። ኤክሴል ላይ ሞክረው።

ከኮምቦልቻ፦ ብርዳችሁን ለራሳችሁ! ኤክሴልም እምቢ ብሏል።

ጋሼ፦ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል አይዝም። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ አንድ መስመር ነው። የሙቀትና የብርዱን ነገር ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ከመርሳ፦ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አጋጥሞ ያውቃል?

ጋሼ፦ እንዴታ! 2⁶⁷ − 1። ፈረንሳዊው ሉካስ በ1876 እ.ኤ.አ. ኮምፖዚት መሆኑን አሳየ፤ አካፋዩን ግን አላገኘም። አሜሪካዊው ኮል በ1903 193,707,721 × 761,838,257,287 መሆኑን አገኘ። 27 ዓመት መሆኑ ነው። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን በእጅ! የሦስት ዓመት እሑዶች ፈጀብኝ አለ ይባላል።

ከወልዲያ፦ ፈተና ላይ ይመጣል?

ጋሼ፦ አይመጣም።

ከሐይቅ፦ አካፋዩ ቢገኝ ባንክ ይዘረፋል የሚሉት እውነት ነው?

ጋሼ፦ ውሸት። የባንክ ቁልፍ የራሱ ቁጥር አለው። ቀጥሉ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ አካፋዩ ባይታወቅም ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ይታወቃል?

ጋሼ፦ እደጊ እቱ! ይታወቃል እንጂ። ፕራይም አካፋይ ካለው፣ እንዳለውም እናውቃለን፣ የ2,554 ብዜት ላይ 1 የተደመረበት መሆን አለበት። 2,554 የ1,277 እጥፍ ነው። ደግሞም ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። ስለዚህ 3፣ 5፣ 7 እያላችሁ ከታች አትጀምሩ። የመጀመሪያው 2,555 ነው፤ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 3 ስለሆነ ወዲያው ይወድቃል። 5,109ም ይወድቃል። 7,663 ቀሪው 7 ነው፤ ግን 79 × 97 ስለሆነ ፕራይም አይደለም። እንዲህ እያጠሩ ነው የሚሄዱት።

ከወልዲያ፦ ግን አካፋዩ ራሱ ስንት...

ጋሼ፦ አንተ ልጅ! አይ-ታ-ወ-ቅም!

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ አገኘሁት! 10,217! 4 × 2,554 ሲደመር 1፣ ለ8 ቀሪው 1። ሁለቱንም አለፈ!

ጋሼ፦ ማለፍ ማለት ማካፈል አይደለም። 10,217 ራሱ 17 × 601 ነው። እሱ ቢያካፍል 17ም ያካፍል ነበር፤ 17 ደግሞ ከ2,555 በታች ነው። ቀጣዩን ሞክር።