መዝጋቢ ጨመርን፣ ሰልፉ ግን ያው ነው

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሰልፍ ሲበዛብን መዝጋቢ ከሁለት ወደ ሦስት አሳደግን፣ ደንበኛው ግን አሁንም ያንኑ ያህል ነው የሚቆመው። ሁሉም ከተመዘገበ በኋላ አንድ ፈራሚ ጋ ያልፋል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ችግሩ ፈራሚው ጋ ነው እንጂ መዝጋቢዎቹ ጋ አይደለም። እስቲ እናስላው፣ አንድ መዝጋቢ ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ ቢፈጅበት ሁለቱ በሰዓት 30 ሰው ይጨርሳሉ፣ ፈራሚው ደግሞ በሰው 3 ደቂቃ ከወሰደበት በሰዓት ከ20 አያልፍም፣ ስለዚህ ሦስተኛው መዝጋቢ ሰልፉን ከአንዱ በር ወደ ሌላው ነው ያዞረው።

ሌላ ፈራሚ ከመቅጠርዎ በፊት ያለውን ሰው ጊዜ ያድኑለት። ስልክ ሌላ ሰው ያንሳለት፣ ምሳ ሲወጣ ተተኪ ይኑር፣ ደግሞ ዋናው ነገር ሰነድ የጎደለው ደንበኛ እሱ ጋ ሳይደርስ መዝጋቢው ቼክ አድርጎ ይመልሰው፣ ያ ሦስተኛ መዝጋቢ ለዚህ ጥሩ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም። በሰዓት 18 ሰው ቢመጣ፣ የሰውም አመጣጥ የመስተንግዶውም ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ በተለመደው የሰልፍ ቀመር ፈራሚው ጋ ያለው ጥበቃ በአማካይ 27 ደቂቃ ነው፤ 3 ደቂቃዋን ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ካወረዷት ግን 7 ደቂቃ ተኩል ይሆናል! ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ያኔ ሁለተኛ ፈራሚ ይጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ማነቆው ሌላ ቦታ ስለሚሄድ እንደገና መፈለግ ነው።