120 ክሬዲት ሞልቶ ዲግሪው ሲጎድል፦ ስለ ጠቅላላ ጥናት ዲግሪ ጥያቄና መልስ

የአሜሪካኖቹን የጠቅላላ ጥናት የመጀመሪያ ዲግሪ ከአዲስ አበባ ሳልወጣ፣ ከሥራ ጋር እየታገልኩ በኢንተርኔት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ኮርሶቹ የሚጠይቀኝ ስለበዛ ዛሬ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አቅራቢያ ካለች ቡና ቤት ጠረጴዛ ይዣለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህ ዲግሪ እኛ ፍሬሽማን የምንለው አራት ዓመት ሙሉ ሲጎተት ነው እንዴ?

መልስ፦ አሳቅኸኝ፤ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው። አይደለም። በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የአንደኛ ዓመት ትምህርት ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እያስቀመሰ ወደ ትምህርት ክፍል የሚሸኝ ነው። ጠቅላላ ጥናት ግን ራሱ መድረሻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ ከ30 እስከ 40 አካባቢ የሚሆነው የጋራ ኮርስ ነው፤ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ታሪክና ፍልስፍናን የመሳሰለው። በቀረው አንድ ሜጀር ከመያዝ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ዘርፍ ታጣምራለህ። አጠቃላይ ውጤትህ ደግሞ ከ2.00 በታች መሆን የለበትም። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከባዱ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ጋ። ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

እዚያ እያንዳንዱ ኮርስ ቁጥር አለው። በ100 እና በ200 የሚጀምሩት የታችኛው ደረጃ፣ በ300 እና በ400 የሚጀምሩት የላይኛው ደረጃ ናቸው። ከ120ው ክሬዲት የተወሰነው፣ እንደ ትምህርት ቤቱ ከ30 እስከ 45፣ የግድ ከላይኛው ደረጃ መምጣት አለበት። እኔ ይህን የሚናገረውን ገጽ ሳላነብ ደስ ያለኝን እየመረጥኩ ተመዘገብኩ። የሥነ ፈለክ መግቢያ፣ የሶሲዮሎጂ መግቢያ፣ የቲያትር መግቢያ፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ። መግቢያ በመግቢያ ሆንኩ። የአሥራ አንድ ቤት ደጃፍ ረግጬ የአንዱንም ሳሎን አላየሁም። ባለ 300 ኮርስ ልውሰድ ስል ደግሞ ቅድመ ሁኔታ የሚሆን ሌላ ኮርስ አለው፤ ያንን አልወሰድኩም።

ለምረቃ አመለከትኩ። የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነበር፦ የተጠናቀቀ ክሬዲት 126፣ ከላይኛው ደረጃ የሚፈለገው 36፣ ያለዎት 27። ስድስት ክሬዲት ተርፎኝ ዘጠኝ ክሬዲት ጎደለኝ። ለእናቴ የምረቃውን ቀን ነግሬያት ነበር፤ እሷም ለዕድርተኛው ሁሉ ነግራለች። ሦስት ኮርስ፣ አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር፣ ተጨማሪ ዶላር። ጥፋቱን በትምህርት ቤቱ ማሳበብ አልችልም፤ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጄ ነበር።

ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት የዲግሪ ማሟያ ዝርዝሩን አትምና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንብበው። መጀመሪያ የላይኛውን ደረጃ ኮርሶች ምረጥ፣ ከዚያ ወደ እነሱ የሚያስገቡትን።

ጥያቄ፦ እኔ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬ አቋርጫለሁ። ያ ሁሉ ኮርስ ውሃ በላው?

መልስ፦ አልበላውም፣ ግን ሙሉውን አትጠብቂ። በተለምዶ የሚቀበሉት ሲ እና ከዚያ በላይ ያመጣሽበትን ነው። የክሬዲቱ ምንዛሪም አለ። በእኛ ትራንስክሪፕት 5 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓውያኑ የክሬዲት መለኪያ ነው) የተባለው ኮርስ በአብዛኛው 3 ክሬዲት አወር ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ አንድ ዓመት 30 ክሬዲት፣ በኢሲቲኤስ ደግሞ 60 ስለሆነ፣ መዛኙ በኢሲቲኤሱ ከሄደ ያው ኮርስ 2.5 ሆኖ ያርፋል። በአርባ ኮርስ ስታባዢው ሃያ ክሬዲት ተነነ ማለት ነው። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች መኖራቸውን አረጋግጪ፤ የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫም ከትምህርት ክፍሉ በማኅተም አውጪ። ያለ እሱ የሦስተኛ ዓመት ኮርስሽን ከታችኛው ደረጃ ሊመድቡብሽ ይችላሉ። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብሽም ቀድመሽ ጨርሺ፤ ሬጅስትራር ደጃፍ ከደረስሽ በኋላ እንዳያመላልሱሽ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ምንም ያህል ክሬዲት ብታመጪ፣ ብዙዎቹ ቢያንስ 30 ክሬዲት እነሱ ዘንድ እንድትማሪ ያስገድዳሉ።

ጥያቄ፦ ከሒሳብ ማምለጥ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ግን ካልኩለስ ላይሆን ይችላል፤ ስታቲስቲክስ የሚቀበሉ ሞልተዋል።

ጥያቄ፦ ኮርሱን ሳይማሩ በፈተና ብቻ ክሬዲት ይገኛል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ እውነት ነው። ክሌፕ የሚባል ፈተና አለ። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው መሆኑንና ስንት ክሬዲት ድረስ እንደሚቆጥር ቀድመህ ጠይቅ። ከቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ አለው፤ አማርኛ የለውም፣ እኔም ተመኝቼ ቀርቻለሁ። የሚሰጠው ክሬዲት በአብዛኛው የታችኛው ደረጃ መሆኑን ግን እንዳትረሳ። የእኔን 27 አስታውስ።

ጥያቄ፦ በሦስት ወር፣ በሥራ ልምድ ብቻ ዲግሪ እንሰጣለን የሚል ሰው በቴሌግራም አግኝቶኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የትምህርት ቤቱን ስም በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የእውቅና መዝገብ ውስጥ ፈልግ፤ መዝገቡ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ከሌለ ንግግሩ አበቃ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ዲግሪ እዚህ አገር ሥራ ይገኛል?

መልስ፦ ልዋሽዎት አልፈልግም። በወጣትነቴ እዚሁ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሥራ ማስታወቂያ አነብ ነበር። «በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ» ይላል። ዛሬ በስልክ ነው የሚነበበው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ያው ነው። «በጠቅላላ ጥናት» የሚል አይቼ አላውቅም። ዲግሪው የሚጠቅመው ሥራ ይዞ ለዕድገት ወረቀት ለጎደለው ሰው ወይም ማስተርስ ለሚያስብ ነው። ለእኔ በመሥሪያ ቤቴ ለዕድገት በቅቶኛል። እንደ እርስዎ ገና ሥራ ለሚፈልግ ግን፣ ስሙ የታወቀ ዘርፍ ይሻላል እላለሁ። ከቆረጡ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍያ ሳይልኩ በፊት ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደው የትምህርት ቤቱን ስምና በኢንተርኔት መሆኑን ገልጸው ስለ አቻ ግምት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሙሉ ቀን እሠራለሁ። በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብወስድስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናስላው። ሁለት ኮርስ ስድስት ክሬዲት ነው። ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርትና ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይታሰባል፤ ስለዚህ በሳምንት 18 ሰዓት። ክረምቱን ጨምረሽ በዓመት 18 ክሬዲት፣ ከዜሮ ከጀመርሽ ሰባት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ነው። የሚሸጋገር ክሬዲት ካለሽ ያጥራል። እኔን የጠቀመኝ የሰዓት ልዩነቱ ነው። የቤት ሥራ የሚዘጋው እሑድ እኩለ ሌሊት በኒው ዮርክ ሰዓት ነበር፤ ያ ለእኛ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ ኅዳር ከገባ ሁለት። እሑድ ማታ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሰኞ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ፣ ልጆቹ ሳይነቁ እጨርስ ነበር።