ወደ በርሊን ለምትመጡ ተማሪዎች፦ ከሁሉ በፊት አድራሻ

ልጆቼ፣ አገር ቤት ደብዳቤ በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው የሚመጣው፤ ቤት ድረስ አይደርስም። በርሊን ግን የባንክ ካርዱም፣ የግብር ቁጥሩም፣ የጤና መድን ካርዱም የሚገባው ሕንፃችሁ መግቢያ ላይ ባለው ሳጥን ነው። ስማችሁ ካልተለጠፈበት ፖስተኛው ይዞት ይመለሳል። ቁልፍ በተረከባችሁበት ዕለት ለጥፉ። ፓስፖርታችሁ በቤተሰብ ስምነት የያዘው የአባትም ይሁን የአያት ስም፣ የሚለጠፈው እሱ ነው።

በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ቢርገርአምት (የነዋሪዎች አገልግሎት ቢሮ) ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። አከራዩ የፈረመበት የመግባት ማረጋገጫ ቅጽ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውል አይተካውም። «ቤቱ አለ፣ ግን አንሜልዱንግ አይቻልም» የሚል አከራይ ሲያጋጥማችሁ፣ ርካሽ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ አትግቡበት። ቀጠሮ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሆኖም በየትኛውም ክፍለ ከተማ መመዝገብ ስለሚቻል በሰፈራችሁ ቢሮ ብቻ አትወሰኑ። የተሰረዙ ቀጠሮዎች ጠዋት በማለዳ ድረ ገጹ ላይ ብቅ ይላሉ።

የአንሜልዱንግ ቅጹ ሃይማኖትም ይጠይቃል። ፕሮቴስታንት የሆናችሁ «ኤቫንጌሊሽ» ብላችሁ ከሞላችሁ፣ ነገ ደመወዝ ስታገኙ የገቢ ግብራችሁን 9 በመቶ የሚያህል የቤተ ክርስቲያን ግብር ይጨመርባችኋል። መክፈል የምትፈልጉ ክፈሉ፤ ግን አውቃችሁ ሙሉት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሂሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) የሚቀመጠው 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ይለቀቃል። የሚለቀቀው ግን የራሳችሁ የባንክ ሂሳብ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ወጪ ለብቻው ያዙ። ማስታወቂያ ላይ ካልትሚተ የሚለው ማሞቂያና ውሃ ያልተካተተበት ኪራይ ነው፤ እናንተ ማስላት ያለባችሁ ቫርምሚተን፣ ማለትም እነዚህ የተካተቱበትን ኪራይ ነው። የቤት መያዣ ከሦስት ወር ካልትሚተ ሊበልጥ አይችልም፤ በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈልም በሕግ መብታችሁ ነው። «ውጭ አገር ነኝ፣ ገንዘቡን ላኩና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ሰው ሌባ ነው።

የጤና መድን ላይ አትቸኩሉ። ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ሆኖ ሳለ ለርካሽነቱ ብላችሁ የግል መድን ከመረጣችሁና ከሕዝባዊው የጤና መድን ነፃ የሚያደርገውን ወረቀት ካስወሰናችሁ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ መመለሻ የለም። ሕመም ሲመጣ የሚጸጽተው ይሄ ነው።

ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቀዳል፤ የሠራችሁበትን ቀን በደብተር መዝግቡ።

ቢጫ ፖስታ (ከመንግሥት ቢሮ ወይም ከፍርድ ቤት የሚላክ ይፋዊ ደብዳቤ) ከመጣ በዚያው ቀን ክፈቱት፣ ፖስታውንም አትጣሉ። ፖስተኛው ፖስታው ላይ የጻፈው ቀን የይግባኝ ጊዜው መቁጠር የሚጀምርበት ነው፤ ጊዜው ስንት እንደሆነ የደብዳቤው መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ጀርመንኛው ካልገባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሽቱዲረንደንቬርክ (የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት) የማኅበራዊ ምክር ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፤ ምክሩ በነፃ ነው።