የጠፉ መንደሮች ካርታ፣ ከአያቶች አንደበት

ውድ ልጆቼ፣

በእስራኤል የምትኖር አንዲት ወጣት «አያቴን ለመቅዳት የትኛውን ማይክ ልግዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቷ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ በአማርኛቸው መሀል ቋርኛ፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱን፣ ጣል ያደርጋሉ። የዘንድሮ ወጣት ሁሉን ነገር ከዕቃ ግዢ ይጀምራል። ጥያቄዋ ግን በቋንቋ ሙያ ያረጀን ሁሉ የምንጋራውን ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ተናጋሪው በሕይወት እያለ ሳንጠይቀው የቀረነውን። መልሴን ከይዲሽ ልጀምር።

ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ የቤት ቋንቋ ነው። መሠረቱ ጀርመንኛ ሆኖ ዕብራይስጥ፣ አራማይክና የስላቭ ቋንቋዎች ገብተውበታል። ባለቤቶቹ «ማመ ሎሽን» ይሉታል፣ የእናት ቋንቋ። የጸሎቱንና የመጽሐፉን ዕብራይስጥ ደግሞ «ሎሽን ኮይደሽ»፣ ቅዱሱ ቋንቋ። ግዕዝንና አማርኛን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረው ነበር። ናዚዎች ከፈጇቸው 6 ሚሊዮን አይሁድ አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በይዲሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1926 በቪልና፣ በዛሬዋ የሊትዌንያ ከተማ ቪልኒየስ፣ የተወለደው የቋንቋ ምሁር ኡሪኤል ቫይንራይክ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ1959 የይዲሽን ቀበልኛዎች በካርታ ለማስፈር ተነሣ። ችግሩን አስቡት። ቀበልኛ የሚያጠና ሰው መንደር ለመንደር ዞሮ ይጠይቃል፤ እነዚህ መንደሮች ግን የሚጠየቅ ሰው አልቀረባቸውም። ስለዚህ ከእልቂቱ የተረፉትንና ቀድመው የተሰደዱትን በአሜሪካና በእስራኤል እየፈለጉ አነጋገሩ። እያንዳንዱ ሰው የተወለደባትን ከተማ ወክሎ ይናገራል። መጠይቁ ከ3,000 በላይ ጥያቄ ስለነበረው አንዱን ሰው ጠይቆ ለመጨረስ እስከ 16 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ቫይንራይክ በ1967 ገና በ40 ዓመቱ ሞተ፤ ሌላው የይዲሽ ምሁር ማርቪን ሄርዞግ ሥራውን ተረከበ። እስከ 1972 ድረስ ከ600 ያህል ቦታዎች 5,755 ሰዓት ድምፅ ተቀዳ። ዛሬም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ጥያቄዎቹ ስለ ቃል ብቻ አልነበሩም። ስለ ሰንበቱ ዓሣም፣ ስለ «ገፊልተ ፊሽ»፣ ይጠይቁ ነበር፦ ስኳር ይገባበታል ወይስ ቁንዶ በርበሬ? የፖላንድ አይሁድ ያጣፍጡታል፣ የሊትዌንያዎቹ በቁንዶ በርበሬ ያቃጥሉታል። ሄርዞግ ይህን ካርታ ላይ ሲያሰፍረው የስኳሩ ድንበር ከቀበልኛው ድንበር ጋር ተቀራርቦ ተገኘ። ዓሣውን የሚያጣፍጠው ወገን «ጥሩ» ለማለት «ጊት»፣ ከድንች ወይም ከፓስታ የሚጋገረውን ደግሞ «ኪገል» ይላል፤ ቁንዶ በርበሬ የሚያበዛው «ጉት» እና «ኩገል»። ከሊትዌንያዎቹም አንዳንዶቹ «ሽ»ን ከ«ስ» ስለማይለዩ «ሻበስ»፣ ሰንበት ማለት ነው፣ ከአፋቸው «ሳበስ» ሆኖ ይወጣል። ማንም ምሁር ስለ ዓሣው ባይጠይቅ ኖሮ ይህ ዝምድና አይታይም ነበር።

በነገራችን ላይ ይዲሽ የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ስለሆነ ዕብራይስጥ ማንበብ የምትችሉ ልጆች «ሻበስ» የሚለውን ቃል «ሻባት» ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ይዲሽ ከዕብራይስጥ የወረሳቸውን ቃላት በጥንት አጻጻፋቸው ይተዋቸዋል፤ ሌሎቹን ግን አናባቢውን በፊደል እየገለጸ ይጽፋል፣ ለምሳሌ ዓይን የምትባለው ፊደል «ኤ» ትሆናለች። ሶቭየቶች ሁሉም እንደ ድምፁ ይጻፍ ብለው ለውጠውት ነበር። በ«ሠ» እና በ«ሰ» የምትከራከሩ ይህን ታሪክ ብታጠኑት እወዳለሁ።

ወደ አያታችን ልመለስ። «ይሄ በቋርኛ ምን ይባላል?» እያላችሁ በዕብራይስጥ አትጠይቁ፤ የምታገኙት ትርጉም ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም የእናንተን ቅርጽ ይይዛል። ስፌቱን ወይም ምጣዱን እጃቸው ላይ አድርጉና «እማማ፣ የሰንበቱን ዳቦ መጀመሪያ ማን ነበር የሚቆርሰው?» በሉ። ሲያቆሙ አሥር ሰከንድ ዝም በሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። አታርሟቸው፣ ቃል አታቀብሏቸው። ከአንድ መንደር የመጣች ጎረቤት አብራ ብትቀመጥ ጨዋታው ይደምቃል፤ ድምፃቸው እንዳይደራረብ ግን ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መቅጃ አቅርቡ። ከ45 ደቂቃ በላይ አታድክሟቸው።

ዕቃው ዋና ነገር አይደለም ማለቴ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ዋና ይሆናል። ስልካችሁ ይበቃል፤ ነገር ግን ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት በዋቭ (WAV)፣ በ48 ኪሎኸርትዝ ቅዱ። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት ስለሚጨመቅ ከፍተኛውን የድምፅ ሞገድ ድግግሞሽ፣ ቀጭኑን ድምፅ፣ ሊያጎድል ይችላል፤ «ስ»ን ከ«ሽ» የሚለየው ትልቁ ነገር ደግሞ እዚያ ነው ያለው። እንዲህ ቢቀዳ ኖሮ የ«ሳበስ» ነገር ያጠራጥር ነበር። ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ በታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የስኒው ኳኳታ ቃል ይውጣል። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ ጥሪ እንዳይገባም ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ፋይሉን ሦስት ቦታ አኑሩ።

ቀረጻው ሲጀመር ፈቃዳቸውን በድምፅ ተቀበሉ፣ ቀኑንም ተናገሩ። ከዚያ የት እንደተወለዱ ጠይቁ። «ጎንደር» ሲሉ አትለፉት፤ መንደሯን፣ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደሆነች፣ በስንት ዓመታቸው እንደወጡም ጠይቁ። የመንደሯን ስም እሳቸው እንደሚጠሩት አድርጋችሁ ፋይሉ ላይ ጻፉ።