አልቡቴሮልና ሳልቡታሞል አንድ ናቸው፤ ሁለቱን ደርበሽ እንዳትሰጫቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደነገጥኩ። እናትሽ የሚኖሩት መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ አስም አለባቸው። ጤና ጣቢያው ሳልቡታሞል ፓፍ ሰጣቸው፤ ወንድምሽ ደግሞ ከአሜሪካ አልቡቴሮል ላከ። «ሁለቱንም ይጠቀሙ ወይ?» ነው ያልሽው። ደርበው አይጠቀሙ! አንድ መድኃኒት ነው። እኛ ቤት በዚሁ ነገር ሰው ሊሞት ነበር።

1. ከንግድ ስሙ በታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቢ። ቬንቶሊን ኩባንያው ያወጣው የንግድ ስም ነው፤ ሳልቡታሞል የመድኃኒቱ። ይህን ሁለተኛውን ስም የሚያወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ሥራው በ1950 እ.ኤ.አ. ተወሰነ፤ የመጀመሪያው የስም ዝርዝር በ1953 ወጣ። ስሙ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም።

2. አሜሪካኖቹ ግን ለአንዳንዱ የራሳቸው ስም አላቸው። ፓራሲታሞልን አሲታሚኖፌን፣ ሪፋምፒሲንን ሪፋምፒን ይሉታል። ግሊቤንክላማይድን ደግሞ ግላይቡራይድ። የኛ ጣጣ የመጣው በዚህ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። ጠዋት ጠዋት ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም ትውጣለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ በዘመድ እጅ ግላይቡራይድ 5 ሚሊግራም ላከችላት። «የአሜሪካ ነው፣ ይሻላል» ብለን ደስ አለን። ሳልጠይቅም አልቀረሁ። ብልቃጡን ይዤ አንድ ፋርማሲ ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «እሱ እኛ ጋ የለም። ቀጣይ!» አለኝ። እኔም ሌላ መድኃኒት መሰለኝ። ጠዋት የኛን፣ ማታ የአሜሪካውን መስጠት ጀመርን። ያን ልጅ እስካሁን ይቅር ማለት አቅቶኛል። አንድ ደቂቃ ነበር የፈለግኩት።

በአራተኛው ሌሊት ስታቃስት ሰማሁ። ሐምሌ ነው፤ የኛን አገር ሐምሌ ታውቂዋለሽ፣ ጋቢ ደርበንም አይሞቀንም። እሷ ግን ትራሷ እስኪርስ ላብ አጥምቋታል። እጇ ይንቀጠቀጣል። መብራት ሳበራ በሟች አጎቴ ስም ጠራችኝ። መዋጥ አላቃታትም ነበርና ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት። ስኳሯ ወርዶ 38 ደርሶ ነበር። ግሉኮስ ሰኩላት። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል ብለው ሁለት ቀን አስተኟት።

የሌሊቷ ነርስ የምትወስደውን ሁሉ አምጣ አለችኝ። ካርቶኑንና ብልቃጡን መብራት ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «እነዚህ እኮ አንድ ናቸው! እጥፍ ነው የሰጣችኋት» አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ አልተቆጣችኝም፤ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የስሙን መጨረሻ ማየትም ያስተማረችኝ እሷ ናት። የደም ግፊት መድኃኒቶቹ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ ዘመዳሞች ናቸው፤ ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪልም እንዲሁ። ዘመድ ማለት ግን አንድ ማለት አይደለም፤ አንዱን በሌላው መተካት የሐኪም ሥራ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የአሜሪካው ፓፍ 90 ማይክሮግራም፣ የኛው 100 ሊል ይችላል። አያስደንግጥሽ። እነሱ የሚጽፉት ከፓፉ አፍ የሚወጣውን፣ እዚህ የሚጻፈው ደግሞ ከውስጥ የሚለቀቀውን መጠን ስለሆነ ነው። ነገ ሁለቱንም ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አንደኛው ሲያልቅ ሌላኛው መጠባበቂያ ይሁን ወይ ብለሽ ጠይቂ። «የለም» ቢሉሽ አትመለሺ። «እዚህ በምን ስም ነው የሚታወቀው?» በያቸው።

እኔ አሁን ከውጭ በመጣ ብልቃጥ ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የኛን ስም በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የሰፈር ሰው ሳይቀር መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ እኔ ጋ ይመጣል፤ ስሙን ጽፌ፣ አብሬው ሄጄ አስጠይቃለሁ። እህቴም ምንም ነገር ከመላኳ በፊት የጽሑፉን ፎቶ ትልክልኛለች።