ቱሪስቱ ገብቶ ሳለ ለምን «ወጪ ንግድ» ተባለ?

ጥያቄ፦ ጀማሪ የቢዝነስ ዘጋቢ ነኝ። ስለ ሆቴሎች በጻፍኩት ዜና ላይ «ከውጭ የመጡ እንግዶች የአገሪቱን የአገልግሎት ወጪ ንግድ አሳድገዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። አርታኢዬ «እንግዶቹ ገቡ እንጂ መቼ ወጡ?» አለና «ገቢ ንግድ» ብሎ አረመው። ዜናውም እንደዚያው ታተመ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ ባለሙያዎች የአገልግሎት ንግድ «አራት ሞድ» አለው ሲሉ እሰማለሁ። በአማርኛ ምን ልበላቸው? የእያንዳንዱስ መጠን እንዴት ይለካል?

መልስ፦ ልክ እርስዎ ነዎት። አርታኢዎ ግን የተሳሳቱት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ቃሉ ራሱ አሳስቷቸዋል። እኔም እንደርስዎ ወጣት ሳለሁ በዚሁ ቃል ተደናቅፌአለሁ።

ከሥሩ እንጀምር። «ሰጠ» ሰጪን፣ «መጣ» መጪን እንደሚያስገኝ ሁሉ «ወጣ»ም ወጪን ያስገኛል። የሚወጣ ማለት ነው። «ወጪ ወራጁ» ስንል በመንገድ የሚተላለፈውን ሰው ማለታችን ነው። ችግሩ «የሚወጣው ምንድን ነው?» የሚለው ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ዓይኑ ገንዘቡ ላይ ነው። ከካዝና ብር ሲወጣ ወጪ፣ ሲገባ ገቢ ይላል። የንግድ ሰው ደግሞ የሚያየው ዕቃውን ነው። ቡናው በጂቡቲ በኩል ሲወጣ ወጪ ንግድ፣ ማዳበሪያው ሲገባ ገቢ ንግድ ይላል። ስለዚህ አማርኛ ሳይቸገር «ከወጪ ንግድ የተገኘ ገቢ» ይላል። አንዱ ቃል ዕቃውን፣ ሌላው ገንዘቡን ይዞ ጀርባ ለጀርባ ይሄዳሉ። አድማጭም አይደናገርም፣ ለምዶታል።

በዚህ ላይ አንዲት የፊደል ወጥመድ አለች። «የውጭ ንግድ» እና «የወጪ ንግድ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከሌሎች አገሮች ጋር የሚደረገው ንግድ በሙሉ ነው፣ የሚገባውም የሚወጣውም። ሁለተኛው የሚወጣው ብቻ ነው። ሁለት ሳድሶች፣ «ው» ወደ ግዕዝ «ጭ» ወደ ሣልስ ሲቀየሩ፣ የአገሪቱ ንግድ ግማሹ ይጎድላል። ይህን ስሕተት በጋዜጣ ሳላይ የማልፍበት ወር የለም።

አሁን ወደ ሆቴልዎ። አልጋው ከአዲስ አበባ አልወጣም። ቁርሱም አልወጣም። ተጓዡ ገባ፣ ዶላሩም ገባ። የሚወጣ ነገር ጠፋ። «ወጪ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ማንከሱን አልክድም። «ላኪ» እና «አስመጪ» የሚሉትማ ጨርሶ ይገለበጣሉ። በየሕንፃው «አስመጪና ላኪ» የሚል ታፔላ አለ። በሰዋስው ብንሄድ እንግዳ እንዲመጣ የሚያደርግ ባለሆቴል «አስመጪ» ነው። በስታቲስቲክሱ መዝገብ ግን ላኪ ነው። ይህን ለአንድ ባለሆቴል ወዳጄ ነግሬው «ታዲያ የላኪ ማበረታቻው የታለ?» ብሎኛል።

የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን እንቆቅልሽ የፈቱት የወጣና የገባውን በማየት አይደለም። እነሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሻጩ የት ነዋሪ ነው፣ ገዢውስ? የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ድርጅት ነዋሪ ላልሆነ ሰው አገልግሎት ከሸጠ ወጪ ንግድ ነው። የትም ይሸጠው። የኢትዮጵያ ነዋሪ ከሌላ አገር ነዋሪ ከገዛ ደግሞ ገቢ ንግድ ነው። ጥርሱን ነክሶ ጉልበቱን ባንኮክ የታከመ ጎረቤቴ ለሆስፒታሉ የከፈለው ገንዘብ የኢትዮጵያ የአገልግሎት ገቢ ንግድ ነው። ሰውየው ወጣ፣ ብሩም ወጣ፣ ስሙ ግን «ገቢ»።

እዚህ ላይ «ነዋሪ»ን ከ«ዜጋ» መለየት ግድ ነው። ዘጋቢዎች «ለውጭ ዜጎች የተሰጠ አገልግሎት» እያሉ ይጽፋሉ። አይሆንም። መለኪያው ፓስፖርት አይደለም። በአንድ አገር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ወይም ለመኖር የገባ ሰው የዚያ አገር ነዋሪ ነው፤ ደንቡ በጥቅሉ ይህ ነው። ለገና ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድዎ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በኪሱ ቢኖርም ነዋሪ አይደለም። ሆቴል ቢያርፍ ሒሳቡ ወጪ ንግድ ነው። የሦስት ዓመት ኮንትራት ፈርሞ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሕንዳዊ ግን ነዋሪ ነው። የሚከፍለው የቤት ኪራይ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ኪራይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ደንብ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ተማሪና ታካሚ ዓመት ቢያልፋቸውም የመጡበት አገር ነዋሪ እንደሆኑ ይቆያሉ። አራት ዓመት ሕንድ የተማረ ልጅ የከፈለው ሁሉ የኢትዮጵያ ገቢ ንግድ ሆኖ ይቆጠራል። ዲፕሎማቶችም እንደዚሁ የላካቸው አገር ነዋሪዎች ናቸው።

ወደ «ሞድ» እንምጣ። ቃሉ የመጣው ከዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ንግድ አጠቃላይ ስምምነት ነው። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አገልግሎት ከአገር አገር የሚሸጥባቸውን መንገዶች አራት ብሎ ከፈላቸው። እኔ «የአቅርቦት መንገድ» ብዬ እተረጉመዋለሁ። «ዘዴ» ቢሉም አልጣላም። «ሁነታ» ግን የሞባይል ሴቲንግ ይመስልብኛል።

አንደኛው «ድንበር ተሻጋሪ አቅርቦት» ነው። ሻጩም ገዢውም ከያሉበት አይነቃነቁም፤ አገልግሎቱ ብቻ ይሻገራል። የእህቴ ልጅ አያት ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብሎ ጀርመን ላለ ድርጅት ሶፍትዌር ይሠራል። ኤክስፖርቱ የሚወጣው በዋይፋይ ነው። መብራት ሲጠፋ የወጪ ንግዱም ይቆማል።

ሁለተኛውን ቃል በቃል የሚተረጉሙት «በውጭ አገር የሚደረግ ፍጆታ» ይሉታል። ጆሮዬ አይቀበለውም። ፍጆታ ከ«ፈጀ» የመጣ ነው። ለዘይትና ለስኳር ይስማማል። ሕክምና ግን አይፈጅም፣ ትምህርትም አይፈጅም። አማርኛ ለዚህ የተሰናዳ ግሥ አለው፦ ተገለገለ። «ውጭ ሄዶ መገልገል» ቢባል ማንም ይገባዋል። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፦ አገልጋይ፣ ተገልጋይ፣ መገልገያ። «ያገለገለ መኪና»ም ከዚያው ነው፣ አንዴ ሌላ ሰው የነዳው። ብቻ ባንኩን «አገልጋይ» እንዳይሉት። ያ የቤተ ክርስቲያን ወይም የጌታ ቤት ቃል ነው። ባንክ «አገልግሎት ሰጪ» ነው።

ሦስተኛው ኩባንያው ራሱ ገዢው አገር ገብቶ ሱቅ ሲከፍት ነው። «የንግድ ህልውና» ካሉት ፍልስፍና ይሆናል። «በንግድ ተቋም መገኘት» ይሻላል። አራተኛው «የተፈጥሮ ሰዎች መገኘት» ነው። ይህን ያነበበች አንዲት ተማሪዬ «ሰው ሠራሽ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። በሕግ ቋንቋ አለ ማለት ይቻላል፤ የሕግ ሰውነት የተሰጠው ድርጅት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለቱን ስለሚለይ ለሕግ ሰው «የተፈጥሮ ሰው» ትርጉም አለው። ለጋዜጣ ግን «ባለሙያ ልኮ ማገልገል» ይበቃል። «መላክ» የሚለው ግሥ ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው። የአዲስ አበባ አማካሪ ድርጅት መሐንዲሱን ለሦስት ወር ጂቡቲ ሲልክ፣ በእርግጥም ተልኳል።

በነገራችን ላይ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በአራተኛው መንገድ አይቆጠሩም። «የሰው ኃይል ኤክስፖርት» የሚለው ርእስ ከጨዋነቱም ከሒሳቡም አንጻር ልክ አይደለም። የሁለት ዓመት ኮንትራት ያላት ሴት እዚያ ነዋሪ ሆናለች፣ የተቀጠረችውም እዚያው ነው። ለእናቷ የምትልከው ብር ሐዋላ ነው። ሐዋላ በሌላ መዝገብ ይገባል እንጂ የአገልግሎት ሽያጭ አይደለም።

ልኬቱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። ዕቃ ሲሆን ጉምሩክ አለ። ሚዛን አለ፣ ዲክላራሲዮን አለ። አገልግሎት ግን በኬላ አያልፍም። የቆጣሪው ዋና መዝገብ የክፍያ ሚዛን ነው፣ የአገሪቱ ነዋሪዎች ከሌላው ዓለም ነዋሪዎች ጋር የተገበያዩት የሚሰፍርበት፤ በእኛ አገር የሚያዘጋጀው ብሔራዊ ባንክ ነው። ከባንኮች የውጭ ምንዛሪ ክፍያ፣ ከድርጅቶች መጠይቅ፣ ከተጓዦች ጥናት እየተለቀመ ይሞላል። መዝገቡ «ምን ተሸጠ?» ለሚለው መልስ አለው፦ ትራንስፖርት፣ ጉዞ፣ ኮንስትራክሽን፣ ኮምፒውተር። «በየትኛው መንገድ?» ለሚለው ግን አምድ የለውም።

የእህቴን ልጅ ይውሰዱ። ሶፍትዌሩን እቤቱ ሠራ። ከዚያ በርሊን ሄዶ ሁለት ሳምንት ሲገጥምና ሲያሠለጥን ቆየ። አንድ ደረሰኝ ቆረጠ። ባንኩ ያየው አንድ ክፍያ ነው። ከፊሉ አንደኛው መንገድ፣ ከፊሉ አራተኛው። የት ላይ እንደሚቆረጥ ልጁ ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ለየአገልግሎቱ ዓይነት ድርሻ ይመድባሉ። የካርጎ ጭነት ለአንደኛው፣ ጉዞ ለሁለተኛው፣ ኮምፒውተር ለአንደኛውና ለአራተኛው ተከፍሎ። የተባበሩት መንግሥታት፣ አይኤምኤፍ፣ የዓለም ንግድ ድርጅትና ሌሎችም በጋራ ያወጡት የእ.ኤ.አ. 2010 መመሪያ የሚመክረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ይህን «መቁጠር» አይበሉት። «መለካት» ይሁን። «መገመት» ቢሉ ደግሞ የበለጠ ታማኝ ነዎት።

ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ ካሉ፣ ቦሌ ተርሚናል ውስጥ አንዲት ሴት ላሳይዎት። ከአክራ ወደ ጓንጁ እየሄደች ነው። እግሯ ከኤርፖርቱ አይወጣም። ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የከፈለችው ትኬት የትራንስፖርት ወጪ ንግድ ነው፣ በአንደኛው መንገድ። (ከጎኗ የተቀመጠው ወደ ዱባይ የሚሄድ የመርካቶ ነጋዴ ትኬት ግን ወጪ ንግድ አይደለም። ነዋሪ ከነዋሪ ገዛ።) ሴትዮዋ ካፌ ገብታ ማኪያቶ ጠጣች። ይህ በሁለተኛው መንገድ የተሸጠ አገልግሎት ነው። ከዚያ የታሸገ የተቆላ ቡና ገዛች። የክፍያ ሚዛኑ ይህንንም «ጉዞ» በሚለው አምድ ከማኪያቶው ጋር ያስገባዋል። መንገዱን የሚለካው ባለሙያ ግን መልሶ ያወጣዋል፣ ዕቃ ነዋ! ያው ቡና ነው፤ በስኒ ሲሆን አገልግሎት፣ በፓኬት ሲሆን ሸቀጥ።

ሦስተኛው መንገድ ጭራሽ ከክፍያ ሚዛን ውጭ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን እናንሳ። ባለቤቶቹ የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በይፋ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ጠዋት የሃምሳ ብር ካርድ ሞሉ እንበል። ሻጩ እዚህ የተመዘገበ ኩባንያ ስለሆነ የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው። እርስዎም ነዋሪ ነዎት። ለክፍያ ሚዛን ምንም አልተፈጠረም። በንግድ ስምምነቱ ዓይን ግን የውጭ አገልግሎት ገዝተዋል። ስለዚህ ሌላ መዝገብ አስፈለገ። ከግማሽ በላይ የመወሰን ድምፃቸው በውጭ ባለቤት እጅ የሆነ ተቀጥላ ኩባንያዎች በአገር ውስጥ ስንት እንደሸጡ የሚያሳይ። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ ስላጸደቀ ይህ ዓይነቱ መዝገብ ለኛም ገና ብዙ ሥራ አለው።

ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። የዓለም ንግድ ድርጅት አራቱንም መንገዶች ደምሮ ባወጣው ግምት የእ.ኤ.አ. 2017 የዓለም የአገልግሎት ንግድ 13.3 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 59 ከመቶ ያህሉ ያለፈው በሦስተኛው መንገድ ነው። አንደኛው 28፣ ሁለተኛው 10 ያህል ሲሆኑ ባለሙያ ልኮ ማገልገል 3 ከመቶ አይሞላም። የክፍያ ሚዛንን ብቻ ይዞ «የአገልግሎት ንግድ ይህን ያህል ነው» የሚል ዘጋቢ ትልቁን ድርሻ ጥሎት ሄዷል ማለት ነው።

«አገልግሎት» በሌላ በኩልም ጉድ አፍልቶብናል። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ኤሌክትሪኩም «አገልግሎት»፣ ኢሚግሬሽኑም «አገልግሎት»። ስለዚህ «አገልግሎቱ የአገልግሎት ንግድን ለካ» የሚል ርእስ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ግን እባክዎ አይጻፉት። የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ስም ይጥቀሱ።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ባርመው ኖሮ «ወጪ»ን አልነካትም ነበር። ገላጭ ሐረግ ብቻ እጨምርላታለሁ፦ «ሆቴሎች በውጭ አገር ለሚኖሩ እንግዶች የሸጡት አገልግሎት ማደጉ የአገሪቱን የአገልግሎት ወጪ ንግድ ከፍ አድርጎታል።» ረዘም ትላለች። አርታኢዎ ቢያሳጥሯት «ወጪ ንግድ»ን ትተው «በውጭ አገር ለሚኖሩ» የሚለውን ያቆዩልዎ። ማረሚያ ሲያወጡ ደግሞ «የወጪ» በሚለው ላይ ፊደሉን ደግመው ይዩት።