ጠማማው ጠመንጃው ነው ወይስ አያያዙ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አየር ጠመንጃ በዚህ ዓምድ በጨረፍታ ካነሣሁ ወዲህ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የሚመጣው ጥያቄ አላቋርጥ ብሏል። ብዙው የሚያጠነጥነው አፈሙዙ ወደ ታች ተቀልብሶ በአንድ ጊዜ አንዲት የእርሳስ ፍሬ ብቻ በሚጎርሰው ርካሽ ጠመንጃ ላይ ነው። ተመሳሳዮቹን ጨፍልቄ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ መልሻለሁ። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን መሣሪያ ከአሻንጉሊት እንዳይቆጥረው ግን ከወዲሁ ልናገር፤ ዓይን ያጠፋል።

ያገለገለ የአየር ጠመንጃ በርካሽ ገዛሁ። በ10 ሜትር ስተኩስ አንዱ ፍሬ ላይ፣ ሌላው ታች፣ ሦስተኛው ከካርቶኑ ውጪ ያርፋል። ጓደኞቼ መነጽር ካልገጠምክለት አይረባም ይሉኛል። ልግዛ? (ወጣት፣ ከዓባይ ማዶ)

አትግዛ፤ ቢያንስ አሁን። መነጽር ዒላማውን አጉልቶ ያሳይሃል እንጂ የተበተነ ጥይት አይሰበስብልህም።

መጀመሪያ የበሽታውን ዓይነት ለይ። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አነጣጥረህ አምስት ፍሬ ተኩስ፤ በመካከሉ ሳትኩ ብለህ አታካክስ። አምስቱም ተጠጋግተው፣ ግን ከመሐል ርቀው ካረፉ ጠመንጃህ ጤነኛ ነው፤ ማነጣጠሪያው ብቻ ይስተካከል። የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድልህ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ግፋው፤ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ወደ ቀኝ፣ ከፍ እንዲል ወደ ላይ። የፊተኛው ተቃራኒ ነው። አንተ እንደጻፍከው ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያ መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

የተበተነ ጥይት ሲገጥመኝ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካቻቪቴ ነው። እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በእያንዳንዱ ተኩስ ንቅናቄ እየላሉ ይሄዳሉ። ባዶ መሆኑንና ሞላው አለመወጠሩን አረጋግጠህ ከፊት በግራና በቀኝ ያሉትንም፣ ከምላጩ አጠገብ ያለውንም አጥብቅ፤ እንጨቱን እስኪሰነጥቁ ግን አይደለም። ቀጥለህ አፈሙዙን ይዘህ ወደ ጎንና ጎን ወዝውዘው። ከመታጠፊያው ላይ ከተንቀሳቀሰ የመታጠፊያው ብሎን ላልቷል። ላልቶ የሚዘጋ አፈሙዝ በየተኩሱ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ማንም ጎበዝ ተኳሽ አያስተካክለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አያያዙ። ምላጩን ስትስብ በውስጡ ያለው ሞላ አየር የሚያምቀውን ብረት፣ ፒስተኑን፣ ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሸሻል። ፒስተኑ ካመቀው አየር ጋር ሲላተም ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይመለሳል። ይህ ንቅናቄ የሚጀምረው ፍሬው ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ነው። ስለዚህ ጠመንጃው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ይወስናል። ሠራዊት ውስጥ የነበረ ወይም ክላሽ የለመደ ሰው ሰደፉን በትከሻው ጨፍልቆ፣ እንጨቱን በጡጫው ጨብጦ ይይዛል። ለዚህኛው አይሠራም። አጥብቀህ በያዝከው ቁጥር የጭብጥህ ኃይል በየተኩሱ ስለሚለያይ ንቅናቄውም ይለያያል።

የግራ መዳፍህን ዘርግተህ ጠመንጃውን ከምላጩ ፊት ለፊት፣ ሚዛኑን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ አስቀምጠው። ጣቶችህ አይጨብጡት፤ የተኛ ሕፃን እንደሚታቀፍ ሰው ሁን። ሰደፉ ትከሻህን ይንካ እንጂ አይደገፍበት። ድንጋይ ወይም ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስደግፈው፤ ሲነቃነቅ ከደረቅ ነገር ነጥሮ ይሄዳል። የእጅህን ጀርባ በታጠፈ ጋቢ ወይም በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፍ፤ ጠመንጃው መዳፍህ ላይ ይሁን። መዳፍህ የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግና ሁልጊዜ እዚያው ያዝ። ከተኮስክ በኋላም ቀና ብለህ የት እንዳረፈ ለማየት አትቸኩል፤ ዓይንህ ማነጣጠሪያው ላይ ትንሽ ይቆይ።

ለመነጽር ያሰብከውን ገንዘብ ለፍሬ አውለው። ሦስት ወይም አራት ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ ፈልግ፤ ጠመንጃህ 4.5 ሚሊ ሜትር ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን ብቻ አታሳስት። ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት በተለያየ ወረቀት ላይ ተኩስ። አንዱ ፍሬ በጠመንጃህ ሲሰበሰብ ሌላው፣ ውዱ ሳይቀር፣ ሊበተን ይችላል። ይህን ከሻጭ አፍ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው የምታውቀው። በ10 ሜትር ከሆነ ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆኑትን ቀድመህ ሞክር፤ ወረቀቱን ልክ በወረቀት መብሻ እንደተበሳ አድርገው ስለሚቀዱት ለመቁጠርም ይመቻሉ። ፍሬዎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግፈህ አንድ በአንድ ገልብጣቸው። ከኋላ በኩል ክፍት የሆነው ስስ ጠርዛቸው የተጨፈለቀ ካለ ለብቻው አድርገው። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ፍሬዎቹ ያሉበት ቆርቆሮ መሬት ላይ አንዴ ከወደቀ ብዙዎቹ ተጎድተዋል።

መነጽሩን ቆይተህ ከገዛህም ለዚህ ዓይነት ጠመንጃ የተሠራውን ግዛ። ተራው መነጽር ወደ ኋላ የሚመታን ኃይል ብቻ እንዲችል ስለሚሠራ ያ ወደ ፊት የሚመለሰው ምት ውስጡን ያላቅቀዋል።

በበዓል ሰሞን ጣና ዳር ዒላማ አቁሜ አስተኩሳለሁ። ደንበኞች ሲስቱ "ጠመንጃሽ ጠማማ ነው" እያሉ ይጣሉኛል። እውነት ይጣመማል እንዴ? (ከሽምብጥ)

እህቴ፣ አዎ፣ ይጣመማል፤ የሚያጣምሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ደንበኞችሽ ናቸው። አፈሙዙ ተቀልብሶ፣ ሞላው ተወጥሮ ሳለ ምላጩ ከተነካ አፈሙዙ በኃይል ተስፈንጥሮ ይዘጋል። በዚያች ቅጽበት ከመታጠፊያው ፊት ያለው ብረት ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ሁሉን ነገር ከፍ አድርጎ ይመታል። ከብረቱ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ ጣት ነው። ፍሬ እየተጨመረ ሳለ አፈሙዙ ቢዘጋ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ የምትቀለብሺውም፣ የምታጎርሺውም አንቺ ብቻ ሁኚ፤ በምታጎርሺ ጊዜ ሁሉ አፈሙዙን በሌላው እጅሽ አጥብቀሽ ያዢ። ለደንበኛው ተዘግቶ፣ ወደ ዒላማው ዞሮ ይድረሰው።

ባዶውንም አታስተኩሺ። ፍሬ ከሌለ ፒስተኑን የሚያቆመው የታመቀ አየር ስለማይኖር ብረት ከብረት ይጋጫል፤ ጎማውም ሞላውም ያልቃሉ።

በቀን ብዙ ሰው ሲተኩስበት የሚውል ጠመንጃ አየር ማፍሰስ ይጀምራል። መፈተኛው ቀላል ነው። ከሶፍት ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቅደጂና አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ስንጥቅ ላይ አኑሪው፤ ፍሬ አጉርሰሽ ተኩሺ። ወረቀቱ ከተበተነ ወይም ብድግ ካለ ያቺ በመግጠሚያው ላይ ያለች ክብ ጎማ አልቃለች። ርካሽ ዕቃ ነች፤ ትክክለኛው ልክ ሲገኝ ለመለወጥ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ። ጀርባውን ወደ ሐይቁ አድርገሽ ዒላማ የምታቆሚ ከሆነ ዛሬውኑ አንሺው። ውኃ ጥይት ይውጣል የሚባለው ከላይ ወደ ታች ሲተኮስበት ነው። በአግድም የሄደ ፍሬ ጠፍጣፋ ውኃ ላይ ነጥሮ ይቀጥላል፤ እዚያ ደግሞ በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አስጋሪ አለ። ከዒላማው ኋላ በአሸዋ የተሞላ ከረጢት ደርድሪ፤ ቆርቆሮና ድንጋይ ፍሬውን መልሰው ወደ ተኳሹ ይልኩታል።

የአያቴ ውጅግራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። ልጆቼ "አባባ፣ በዚህ አልሞ መምታት ይቻል ነበር?" ይሉኛል። አንድ ቀን ላሳያቸው? (አዛውንት፣ ከዘጌ)

አባቴ፣ ታሪኩን ይንገሯቸው፤ ተኩሱ ግን ይቅር። ውጅግራ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ እንደ አየር ጠመንጃው ሁሉ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነው። አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬው 25 ግራም ገደማ፣ የሚገፋው ጥቁር ባሩድ። ከእርሱ በፊት በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ይዘውት የመጡት ሰናድርም ባለ አንድ ጥይት ነበር። በዐድዋ ዘመንም ውጅግራ በአገራችን ሰው እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ነው። ለልጆቹ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ከባድና ዘገምተኛ ፍሬ ግን ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ቶሎ ስለሚወርድ ተኳሹ ርቀት ገማች መሆን ነበረበት። ጢሱም ከፊቱ እስኪገለጥ ሁለተኛ ዕድል የለውም። የድሮ ሰው ጥይት የሚቆጥብበት ምክንያት ድህነት ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ግን የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ቱቦውን ምን ያህል እንደበላው ከውጪ አይታይም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቀለህም ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። የሚፈነዳው ደግሞ ከጉንጭዎ አጠገብ ነው። ሌላም አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ቅርስ ነው ብለው ሳይተዉት ለፖሊስ አሳውቀው የሚባለውን ይፈጽሙ።

ወንድሜ ከውጭ አገር የአየር ጠመንጃ አመጣልኝ። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ ከ300 ሜትር በላይ ይላል፤ የጎረቤቴ ቀርፋፋው ግን ይበልጠዋል። ተጭበረበርኩ? (ከባሕር ዳር)

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ በጣም ቀላል በሆነ ፍሬ የተለካ ነው። በተጨማሪ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ፒስተኑ የሚያምቀውም ያንሳል፣ ኃይሉም በትንሹ ይቀንሳል። በዚህ አትዘን። ፍጥነት ማነጣጠርን አይረዳም። እንዲያውም ፍሬ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ወደ 340 ሜትር በሰከንድ፣ ሲጠጋ አየሩ ያናውጠዋል። ከበድ ያለ ፍሬ አጉርሰው፤ ይዘገያል፣ ይሰበሰባልም። ጎረቤትህ ይህን ሳያውቅ አድርጎት ይሆናል።

ጠዋት ደህና ይመታል፣ ከሰዓት በኋላ ይስታል። በሐይቁ ዳር 30 ሜትር ላይ ነው የምንተኩሰው። (ሁለት ጓደኛሞች)

ጠመንጃው አልተለወጠም፤ ነፋሱ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ አየሩ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል። በ10 ሜትር ብዙም አይሰማም፤ በ30 ሜትር ግን ግማሽ ግራም የማትሞላ ወይም ጥቂት የምታልፍ ፍሬ ጥቂት ሳንቲ ሜትር መግፋት ለነፋስ ምኑም አይደለም። ማነጣጠሪያ የምታስተካክሉት በማለዳ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ከተኮሳችሁ ነፋሱ ከጎን ሳይሆን ከፊት ወይም ከኋላ እንዲሆን ዒላማውን አዙሩት። ለሽምብጧ እህታችን ያልኩት ለእናንተም ነው፤ ወደ ውኃው አይሆንም።

ዳክዬና እርግብ ብለማመድበትስ?

አይቻልም። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው፤ ጣና ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። ካርቶን ተኩስ።

አንድ መካኒክ "አየር በሚታመቅበት ውስጥ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ኃይል ይጨምራል" አለኝ። እውነትም ጢስ እየወጣ ጮክ ብሎ ይተኩሳል።

የሚጮኸው ዘይቱ በታመቀው አየር ሙቀት እየነደደ ነው። ያ ፍንዳታ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ስለሆነ ሁለት ጥይት አንድ ቦታ አያርፍም፤ ሞላውንም ይሰብራል። ዘይቱን ለመታጠፊያው ጠብታ፣ በክረምት ደግሞ ዝገት እንዳይበላው ከውጪ በጨርቅ ለመወልወል ተጠቀምበት። የሐይቅ ዳር እርጥበት ለብረት አይራራም።

ምላጩ ይከብደኛል። በሞረድ ላሳንሰው?

አይሆንም። የተሞረደ ምላጭ ሳይነኩት ይተኩሳል። በጣትህ ጫፍ፣ ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ሳትነጥቅ ሳበው። ማስተካከያ ብሎን ካለው በመመሪያው መሠረት ብቻ አዙር።

ለመሆኑ በ10 ሜትር ምን ያህል ሲሆን ነው "ጎበዝ" የሚባለው? (ከዓባይ ማዶ፣ ሌላ ሰው)

በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የብዕር ነጠብጣብ ማለት ነው። እነዚያ ጠመንጃዎች ግን ሞላ የላቸውም፤ በተጠራቀመ አየር ስለሚሠሩ የሚያናውጥ ፒስተንም የለባቸውም። ዋጋቸውንም ባናነሣው ይሻላል። በርካሹ ጠመንጃ፣ ተደግፈህ፣ አምስት ጥይቶችህ በአንድ ብር ሳንቲም ከተሸፈኑ ከእኔ ዘንድ ምስጋና አለህ። ያን ወረቀት አትጣለው። በጀርባው ቀኑን፣ የፍሬውን ዓይነትና መዳፍህ ያረፈበትን ቦታ ጻፍበት፤ ቆርቆሮው ሲያልቅ ምን እንደምትገዛ አትጨነቅም።